አዳኝ፦ ጠብቆና ላልቶ

በቋንቋችን በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፈው በማጥበቅና በማላላት ብቻ የሚለያዩ ቃላት ብዙ እንደሆኑ አንባቢ ያውቃል። «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ ነው። ይህን ከልጅነታችን ስለለመድነው እምብዛም አያስገርመንም። እኔም ልጄ በባዕድ አገር ጫካ ውስጥ፣ ደም የነካውን እጁን ከልብሱ አርቆ እንደያዘ፣ ከነዚህ ቃላት የአንዱን ፍቺ እስከጠየቀኝ ምሽት ድረስ ቃሉን ሺህ ጊዜ ስጽፈው ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ልጄ በዚያን ጊዜ 13 ዓመቱ ነበር። በስተርጅና የወለድሁት ነው። ተወልዶ ያደገውም በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። አማርኛ ይናገራል፤ ፊደል ግን የሚያውቀው እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በተማረው ልክ ነው። በምንኖርበት ሕንፃ ለረጅም ዘመን የቧንቧና የመብራት ጥገና ሲሠሩ የኖሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። ልጄ ከትምህርት ቤት በተመለሰ ቁጥር የመሣሪያ ሳጥናቸውን እየተሸከመ ከፎቅ ወደ ፎቅ ይከተላቸው ነበር። ጡረታ ወጥተው ከከተማችን በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ወደሚርቀው ወደ ትውልድ ስፍራቸው፣ ወደ ሸናንዶዋ ሸለቆ፣ ከተመለሱም በኋላ ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ልጄ ወደ እኔ መጥቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሽማግሌው አጋዘን ማደን ሊያስተምሩት ፈቅደዋል፤ እርሳቸው የሚያድኑት ግን በጠመንጃ ሳይሆን በሽጉጥ ነው።

«አይሆንም» አልሁት። ምክንያቱን አልነገርሁትም።

ጠመንጃ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ በሆነ ነበር። እኔ የአዳኝ ልጅ ነኝ። አባቴ በዓባይ በረሃ አፋፍ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ፤ ክረምቱ አልፎ እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ ባረጀ ውጅግራቸው ድኩላና ሚዳቋ ያድኑ ነበር። ጥይት ውድ ስለነበረ ከሁለት በላይ ይዘው አይወጡም። እኔን አስከትለው የወጡት የ8 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ከምንጩ በላይ ካለ ዋርካ ሥር አስቀምጠውኝ፣ «ከተንቀሳቀስህ ራታችን ሄደ ማለት ነው» ብለው ያንሾካሾኩልኝ ዛሬም በጆሮዬ አለ። ድኩላው ሲወድቅ እየሮጡ ደረሱበት፤ ነፍሱ ሳትወጣ «በስመ አብ» ብለው ባረኩት፤ ከዚያም ቢላዋቸውን በሣር ጠርገው ዝም አሉ። በአገራችን ወግ ጎፈር የሚደፋለትና የሚዘፈንለት፣ ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ነው። በፉከራውም አውሬ የገደለና ሰው የገደለ ጎን ለጎን ይቆጠራሉ፤ «ገዳይ» የሚለው ቃል ሙገሳ ነው። ለድኩላ ግን የሚፎክር አልነበረም። ድኩላ ራት ነው።

ሽጉጥ ግን እኔ ባደግሁበት ዘመን የአደን መሣሪያ አልነበረም። በሽጉጥ ሚዳቋ ያደነ ሰው አላየሁም፤ አልሰማሁምም።

በ1970 ዓ.ም. ለትምህርት ተልኬ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአዲስ አበባ እኖር ነበር። ዕድሜዬ 11 ዓመት ነበር። ጊዜው የቀይ ሽብር ጊዜ ነው። አንድ ሌሊት በራችን ተንኳኳ። ከገቡት ሦስት ሰዎች መካከል ሽጉጥ የያዘው የሁሉ ታናሽ ነበር፤ ቢበዛ 17 ዓመት ቢሆነው ነው። ሁለቱ መጻሕፍታችንን ሲበረብሩ እርሱ ከመብራቱ ሥር ቆሞ ሽጉጡን ከወንድሜ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ወንድሜ ያዞር ነበር። ጣቱ ቃታው ላይ ነበረ። ፊቱን ረስቼዋለሁ፤ ጣቱን አልረሳሁም። ወንድሜን ይዘውት ሄዱ፤ አልተመለሰም። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ያ ዘመን የነካው ቤት ሁሉ ቀሪውን ያውቀዋል።

እንግዲህ ልጄ «ሽጉጥ» ሲለኝ እኔ የሰማሁት ይህን ነበር።

ሽማግሌው በሳምንቱ ወደ ከተማ በመጡ ጊዜ እምቢታዬን እንዳይቀየሙ በማለት ለልጄ ያልነገርሁትን ለእርሳቸው ነገርኋቸው። ቡናቸውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያም፣

«ያንን ልጅ ሽጉጥ ያስተማረው ማን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ማንም» አልሁ። «ሰጡት እንጂ አላስተማሩትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊከራከሩኝ ወይም ሊያግባቡኝ አንድ ቃል አልጨመሩም። ቡናቸውን ጠጥተው አመስግነው ሄዱ። ያ መልስ ግን ከራሴ አፍ የወጣ ስለነበረ ለብዙ ቀናት አልለቀቀኝም። ልጄ የሚያድገው ሽጉጥ በብዙ ቤት፣ በመሳቢያና በአልጋ ራስጌ በሚገኝበት አገር ነው። አንድ ቀን፣ በአንድ ጓደኛው ቤት፣ ከሽጉጥ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። እኔ «አይሆንም» በማለቴ የዘጋሁት በር ሽጉጡ የሚገባበትን ሳይሆን መምህሩ የሚገባበትን ነበር።

የአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ድንጋጌ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሽጉጥ እንዳይዝ ይከለክላል። ለአደን፣ ለዒላማ ልምምድና ለመሳሰሉት ጉዳዮች ግን የወላጁን የጽሑፍ ፈቃድ ከኪሱ ሳይለይ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ያንን ፈቃድ የምጽፈው እኔ ነበርሁ። አራት መስመር የማትሞላ ወረቀት ናት። በሕይወቴ ብዙ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ ሦስት ሌሊት የፈጀብኝ ግን ይህ ብቻ ነው። ስሜን ስፈርም የወንድሜ ፎቶግራፍ ከግድግዳው ላይ ይመለከተኝ ነበር፤ ልጄ ያንን ፎቶግራፍ «በወጣትነቱ የሞተ አጎትህ» ከመባሉ በቀር ሌላ ነገር አያውቅለትም።

ትምህርቱ በሰኔ ተጀመረ። ልጄ አስቀድሞ ክፍለ ግዛቱ የሚሰጠውን የአዳኞች የጥንቃቄ ትምህርት ተከታትሎ ፈተናውን አለፈ። እኔም በየሳምንቱ ቅዳሜ እየነዳሁ ወስጄው ከኋላ ቆሜ እመለከት ነበር። የመጀመሪያውን ቀን አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ሽማግሌው ባዶውን ሽጉጥ ከጠረጴዛ ላይ እንዲያነሣና እንዲያስቀምጥ ብቻ አደረጉት፤ ምናልባት መቶ ጊዜ። የጠመንጃ አፈ ሙዝ ረጅም ስለሆነ የተሳሳተ አቅጣጫ ሲይዝ ለሁሉም ይታያል፤ የሽጉጥ ግን አጭር ነው፤ ልጁ «እንዴት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ዞር ሲል እጁም አብሮት ይዞራል፤ አፈ ሙዙም ከመምህሩ ደረት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ራሱን እንጂ እጁን እንዳያዞር ነው። ሁለተኛው ትምህርት የጣት ነበር። ለመተኮስ እስኪወስን ድረስ ጣቱ ከቃታው ውጭ፣ በብረቱ ጎን ላይ ቀጥ ብሎ ይተኛል። ሽማግሌው ይህን ሲያሳዩት ፊቴን ወደ ተራራው አዞርሁ።

ሽጉጡ ባለ ስድስት ጎራሽ፣ «ሦስት መቶ ሃምሳ ሰባት ማግነም» የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ነበር። ይህ ጥይት እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ ሲሆን፣ በሽጉጥ ማደን በአሜሪካ ወግ ሆኖ የተስፋፋው ከእርሱና ከኋላ ከመጡት ብርቱ ጥይቶች ወዲህ ነው። ያው ሽጉጥ «ሠላሳ ስምንት» የሚባለውን ለዘብተኛ ጥይት ስለሚተኩስ ለልጅ ማስተማሪያ ይመቻል። ልጄ ግን ወደ እርሱ የደረሰው በትንሿ «ሃያ ሁለት» ሽጉጥ ሁለት ወር ከተለማመደ በኋላ ነው። ሰደፍ የሌለው መሣሪያ ርግጫውን ሁሉ የሚያሳርፈው በእጅ ላይ ስለሆነ፣ ልጅን በብርቱ ጥይት ያስጀመረ ሰው ተኳሽ ሳይሆን ዓይኑን የሚጨፍን ፈሪ ያተርፋል። ድምፁም ጆሮ ይጎዳልና ሁለት ዓይነት መሸፈኛ ደርቦ ያደርግ ነበር። ጥይቱን ከሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍልና ከአፈ ሙዙ መካከል ባለች ቀጭን ክፍተት የጋለ ጢስ ወደ ጎን ስለሚወጣ፣ ጣት ከዚያች ክፍተት ፊት እንዳይገኝም ተማረ። እስከ ነሐሴ ድረስ ከስድስቱ ጎሬዎች የሚሞላለት አንዱ ብቻ ነበር።

ዒላማው ተራ የወረቀት ሳህን ነበር። የአጋዘን ልብና ሳንባ የሚገኝበት ስፍራ ስፋቱ የዚያን ሳህን ያህል ነው። ሽማግሌው በ10 እርምጃ ጀመሩ፤ አምስቱም ጥይቶች ሳህኑን ሲመቱ 5 እርምጃ ወደ ኋላ ይመልሱታል። በ35 እርምጃ አምስቱም ገቡ። በ40 አንዱ ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜም በ40 አንዱ ወጣ። ሽማግሌውም ከልጁ 35 እርምጃ ርቆ በሚገኝ ዛፍ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰሩና፣ «ከዚህ ወዲያ ያለው አጋዘን ያንተ አይደለም» አሉት። ጥሩ ጠመንጃ የያዘ አዳኝ ከ200 ሜትር አነጣጥሮ ይመታል። በሽጉጥ የሚያድን ግን እንስሳው ሲተነፍስ እስኪያይ ድረስ መቅረብ ወይም መጠበቅ አለበት። እርሳቸው ጠመንጃ እያላቸው ሽጉጡን የመረጡት በዚህ ምክንያት መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

«አጋዘን» የሚለውን ስም ለልጄ ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ሆኖም ስሙ ልክ አይደለም። በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘናችንም ሆነ የቆላው አጋዘን ቀንዳቸው አንዴ ከበቀለ እስከ ሞት አይለያቸውም። የአሜሪካው ነጭ ጭራ ግን ከሌላ ወገን ነው፤ ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል። በአገራችን ይህ ዘር ስለሌለ የራሱ ስም አላገኘም። ይህ እንስሳ በ20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ በመላ አሜሪካ ወደ 500,000 ዝቅ ብሎ እንደነበረ፣ ዛሬ ግን ወደ 30 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ለዚህም የአደን ወቅትና ቁጥር መወሰኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው ሕግ መሠረትም ከአደን መሣሪያና ጥይት የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ መዋሉ ትልቅ ድርሻ አለው። የደጋ አጋዘናችን ብርቅ ሆኖ ሳለ ይህን ስሰማ መቅናቴን አልደብቅም።

በቨርጂኒያ፣ በእኛ አቆጣጠር በመስቀል ሰሞን፣ ለልጆችና ለጀማሪዎች የተለዩ ሁለት የአደን ቀናት አሉ። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቀን በመስቀል ማግሥት ቅዳሜ ዋለ። ከንጋት በፊት ሦስታችንም ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰን ከወደቀ ግንድ ጀርባ ተቀመጥን። ከፊታችን ፍሬያቸውን ማርገፍ የጀመሩ የኦክ ዛፎች ነበሩ። ቀዩ ጨርቅ በጎህ ብርሃን ቀስ በቀስ ይታይ ጀመር። ፀሐይ ስትወጣ ባለ ትልቅ ቀንድ ወንድ አጋዘን ከቁጥቋጦው ወጣና ጎኑን ሰጥቶን ቆመ። ከጨርቁ ወዲያ ነበር፤ 60 እርምጃ ቢሆን ነው። አባቴ በዚያ ርቀት አይስቱትም ነበር። ልጄ አየው፤ ጨርቁን አየ፤ ሽጉጡን ከጭኑ ላይ አላነሣም። አጋዘኑ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተራምዶ ሄደ። ሽማግሌውም አላመሰገኑትም፤ መደረግ ያለበት ስለተደረገ ምስጋና የሚያስፈልገው አልመሰላቸውም።

ፀሐይ ልትገባ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀራት ግልገል የማይከተላት እንስት አጋዘን ከበስተግራ መጣች። እየለቀመች፣ እየቆመች፣ ከጨርቁ ወዲህ ገባች። 25 እርምጃ ደረሰች። ሽማግሌው በዓይናቸው ፈቀዱ። ልጄ ሁለት እጁን በግንዱ ላይ አሳረፈ፤ የሽጉጡን መቺ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሳበ። ጣቱ ከብረቱ ጎን ቀጥ ብሎ ተኝቶ ነበር። እርሷ ራሷን ቀና አድርጋ ስታዳምጥ ጣቱ እንደተኛ ቆየ፤ እንደገና ስታጎነብስ ወደ ቃታው ገባ። ድምፁ ሸለቆውን ሞላው። እንስቷ ዘልላ ጫካ ውስጥ ገባች። እኔ ግን ዓይኔን ከልጄ እጅ አላነሣሁም ነበርና፣ ጢሱ ሳይበተን ጣቱ ወደ ቦታው ተመልሶ በብረቱ ጎን ቀጥ ብሎ ሲተኛ አየሁ።

ተነሥቼ ልሮጥ ስል ሽማግሌው ትከሻዬን ያዙኝ። አባቴ የሮጡት ነፍሱ ሳይወጣ ለመባረክ ነበር፤ በእርሳቸው ወግ ግን የተመታ እንስሳ ካልተባረረ በአቅራቢያው ይተኛል፤ ከተባረረ ግን ርቆ ይሄዳል፤ ስቃዩም ይረዝማል። ግማሽ ሰዓት በሙሉ ዝም ብለን ተቀመጥን። እንዲህ ያለ ረጅም ግማሽ ሰዓት አላውቅም። ልጄ ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ደሟን በባትሪ እየተከተልን 40 እርምጃ ያህል እንደሄድን አገኘናት። ሽማግሌው ልጄን እጅ ይዘው ከጎኗ ላይ አሳረፉት። ገና ሙቀቷ አልለቀቃትም። «ሳትቀዘቅዝ ማወቅ አለብህ» አሉት። ልጄ አለቀሰ፤ ማንም «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አላለውም። ነፍሷ ብትወጣም የአባቴ ወግ እንዳይቀር ቢላዋዬን አወጣሁ፤ ልጄ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለ፤ እኔ ባረክሁ። ሽማግሌው ቋንቋውን ባያውቁትም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሌሊቱ ሞቃት ስለነበረ ሥጋው እንዳይበላሽ ቶሎ ሆድ ዕቃዋ መውጣት ነበረበት። ልጄ በእርሳቸው መሪነት በገዛ እጁ ሠራው። ሲጨርስ ላጽናናው ብዬ፣

«እንግዲህ አዳኝ ሆንህ፤ እንደ አያትህ» አልሁት።

እጁን ከልብሱ አርቆ እንደያዘ በባትሪው ብርሃን ተመለከተኝ።

«አባዬ፣ አዳኝ ማለት ክርስቶስ አይደለም እንዴ? መጽሐፋችን ላይ እንደዚያ ተጽፏል።»

ያኛው ይላላል፤ ይህኛው ይጠብቃል፤ ፊደሉ አንድ ነው አልሁት።

«ታዲያ የሚያነበው ሰው በምን ያውቃል?»

«ከፊቱና ከኋላው ካሉት ቃላት» አልሁት። ሌላ መልስ አልነበረኝም።

እሑድ ማታ ከሥጋው ጥብስ ሠራን። ጥቂት ስብ ብቻ ያለው ቀይ ሥጋ ስለሆነ ቅቤ ጨምረንበታል። ልጄ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእናቱ አጎረሰ፤ ሁለተኛውን ለእኔ። ከዚያም የተጣጠፈውን የፈቃድ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ፣ «አሁን ልመልስልህ?» አለኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ከወንድሜ ፎቶግራፍ ሥር አኖርሁት። በግንቦት ለምን «አይሆንም» እንዳልሁት ያን ማታ ነገርሁት፤ ሌሊቱን፣ መብራቱን፣ መጻሕፍቱን፣ ጣቱን። ለብቻዬ 47 ዓመት የያዝሁት ነገር ተነግሮ ሲያልቅ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ልጄ ለረጅም ጊዜ ፎቶግራፉን ሲመለከት ቆየ። ስለ አጎቱ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«ያ ሽጉጥ የያዘው ልጅስ፣ አባዬ፣ በኋላ ምን ሆነ?» አለኝ።

አላውቅም። በዚያ ሁሉ ዘመን ጠይቄ አላውቅም ነበር።